ከማማ ወደ ማማ

ኅዳር 3 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ቆቦ
አየሩ፦ ከዞብል በኩል ደረቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ ደመና የለም።
የተገኙ፦ እኔ፣ ጎረቤቴ ዓሊማ፣ የዓሊማ ፍየል።

ለአጎቴ ልጅ ለታንጉት ልጅ፣ ለታምሬ ካሳ፤ ናይሮቢ።

በጌታ ስም ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህም ዋጃ ደህና ናት፤ ወገቧን ያማታል እንጂ ለክፉ አልሰጣትም። ማሽላው ዘንድሮ ግማሹ ሳያሽት ደርቋል። ሰላምታው እዚህ ላይ አለቀ።

ደብዳቤ ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። ፊደል የለየሁት ባለሱቁ ጨውና ስኳር በሚጠቀልልበት ወረቀት ላይ ነው። ወረቀቱ የገበሬ ማኅበሩ አሮጌ ቃለ ጉባኤ ነበር። ቃለ ጉባኤ በቀኑና በተገኙት ሰዎች ይጀምራል፤ ስለዚህ እኔም እንዲያ ጀመርኩ። አየሩን የጨመርኩት ከራሴ ነው፤ ቀን ብቻውን ለገበሬ ምን ይነግረዋል? መሳቅ ካማረህ ሳቅ።

ያስጻፈኝ ይህ ነው። ባለፈው እሑድ ከቀትር በኋላ ድሬሰር ታረቀኝ ቤት ነበርን። ጸሎት ቤታችን ከታሸገ ወዲህ የምንገናኘው እዚያ መሆኑን ታውቃለህ፤ አንተም ከእኛ ጋር ትገናኝ ነበር። በሩን ዘግተን፣ ሬዲዮኑን ብርድ ልብስ አልብሰን፣ ከውጭ የሚመጣውን የመዝሙር ፕሮግራም ስናዳምጥ ድምፅህ መጣ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። «የታንጉት ልጅ ነው!» ብዬ ጭኔን መታሁ። ከዚያ የምትዘምረውን ሰማሁ።

ስትጨርስ ጠያቂው ሰውዬ፣ «ወንድም ታምሬ፣ ይህን መዝሙር እንዴት ተቀበልከው?» አለህ። አንተም፣ «ወደ ኬንያ ስሻገር፣ በረሃ ላይ፣ መንፈስ ቅዱስ ከነዜማው ሰጠኝ» አልክ።

ታረቀኝ ዞር ብሎ አየኝ። «እትዬ ጌጤ፣ ይሄ ያንቺ አይደለም እንዴ?»

«ዝም በል፣ ልስማ» አልኩት።

ሰማሁ። በ1978 ልትሄድ ስትል መጥተህ እግሬ ሥር ተቀምጠህ ያጠናኸው መዝሙር ነው። «እትዬ፣ ድገሚልኝ፤ አሁንም ድገሚልኝ» እያልክ ቡና እንኳ ሳላፈላልህ መሸ። እኔ የዘመርኩልህ እንዲህ ነበር፤

አለህ ወይ፣ አለህ ወይ፣ ሌሊቱ ሲነጋ፣
ወፉ ከነመንጋው ማሳዬን ሲወጋ?
— አለሁ።
ጠባቂዬ ሄዳ፣ ማማው ቢቀር ባዶ፣
ድምፅህን አሰማኝ ከወንዙ ከማዶ።
— አለሁ።

አንተ በሬዲዮ «አለህ ወይ» የሚለውን «አለህ ጌታዬ» አደረግኸው። «ጠባቂዬ ሄዳ» የሚለውን «ጠባቂዬ ሆነህ» አልከው። «አለሁ» የሚለው መልስ ጨርሶ የለም።

ሰው ዶሮ ሲሰርቅ ላባውን ነቅሎ ይጥላል፤ እንዳይታወቅበት ነው። አንተ ግን ሥጋውን ጥለህ ላባውን ይዘህ ሄድክ። መዝሙሩን እንደነበረ መልስ። ከማን እንደሰማኸውም ተናገር።

ይህን ደብዳቤ የእርዳታ እህል የሚያመጣው ሾፌር አራጌ አዲስ አበባ ያደርሰዋል፤ ከዚያ በወገን እጅ ይደርስሃል። መልስህንም በእሱ ላክ።

ጌታ ይመልስህ።
ጌጥነሽ ይግዛው


ጥር 26 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ለምወድሽና ለማከብርሽ እትዬ ጌጤ፤

ከሰማይ ከዋክብት፣ ከባሕር አሸዋ የበዛ ሰላምታዬ በጌታችንና በመድኃኒታችን ስም ይድረስሽ። እኔ በምሕረቱ ደህና ነኝ። የእናቴን ደህንነት ስለጻፍሽልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ደብዳቤሽ የደረሰኝ ለገና ነበር። መልስ ያዘገየሁት ስጸልይበት ቆይቼ ነው።

እትዬ፣ ቃልሽ ከብዶኛል። «ሰው ዶሮ ሲሰርቅ» ብለሻል። ዘመድ ለዘመዱ እንዲህ ይጽፋል? ግን ይቅር ብዬሻለሁ።

መዝሙር የሰው አይደለም፤ የጌታ ነው። አንቺም እኔም ቱቦ ነን፤ ውኃው የእሱ ነው። መነሻውን ካንቺ መስማቴን አልክድም። ነገር ግን በረሃው ላይ ቃሉ ሕይወት ሆኖ ወደ እኔ መጣ፤ ያን ነው የመሰከርኩት። ስምሽን ያልጠራሁት ለአንቺው ብዬ ነው። «ቆቦ ያለችው ጌጥነሽ ይግዛው» ብዬ በሬዲዮ ብናገር በነጋታው ምን ይገጥምሽ ነበር? ይህን ሳታስቢ ነው የተቆጣሽው።

ስለ ግጥሙ፦ እዚህ ያሉ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች «አለህ ወይ?» የሚለውን አልተቀበሉትም። አማኝ ጌታውን «አለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም፤ ጥርጣሬ ነው አሉ። ልክ ናቸው። «ጠባቂዬ ሄዳ» የሚለውንም የሚረዳው አልተገኘም። ጠባቂያችን ጌታ ነው፤ ጌታ ደግሞ አይሄድም። እኔ ያረምኩት ለሰው እንዲጠቅም ነው።

እዚህ መዘምራኑ በጣም ወደውታል። ሽማግሌ ሳይቀር ያለቅሳል። አንቺ ጋ ሌላ ካለ በአራጌ ብትልኪልኝ፣ አልቅሶ የሚያስለቅስ ዓይነት ቢሆን፣ ለጌታ መንግሥት ትልቅ ሥራ ነው። ዜማውን ታረቀኝ በካሴት ቢቀዳልሽ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው።

ጸሎትሽ አይለየኝ።
ታናሽሽ ታምሬ


መጋቢት 14 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ቆቦ
አየሩ፦ ትናንት አቧራ፣ ዛሬ ጠዋት ትንሽ የበልግ ካፊያ፤ መሬቱን ሳያርስ አቆመ።
የተገኙ፦ እኔ፣ ዓሊማ፣ እንቁላል ላይ የተኛች ዶሮ።

ለታምሬ ካሳ፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትክ። እናትህ በርበሬ ሸጣ ጫማ ገዝታለች፤ በጫማው ደስ ብሏታል። ስለ አንተ ግን አትጠይቀኝም። እኔም አልነገርኳትም።

«ይቅር ብዬሻለሁ» ስላልከኝ በጣም ሳቅኩ። ዓሊማ «ምን ያስቅሻል?» ብትለኝ አነበብኩላት። «የማሽላ አገዳ እየሰረቀ የሚያኝከው ቀጭኑ ልጅ?» አለች። «አዎ» ስላት፣ «እንግዲያ አመሉ ነው፤ ያኔም ስይዘው ‹ይቅር ብዬሻለሁ› ብሎኝ ነበር» አለችኝ።

ሌላ መዝሙር የለኝም። አልቅሶ የሚያስለቅስ ዓይነት ፈልገሃል። እንዴት እንደመጣ ልንገርህና እንደሱ ያለውን ትፈልግ እንደሆነ እይ።

ጠባቂዬ ያልኩት ጌታን አይደለም። ልጄ ውቢት ናት። ሽማግሌዎችህ አልተረዱትም ልበል፤ አንተ ግን ቀብሯ ላይ ነበርክ። በ77 ግንቦት፣ ጉድጓዱን ከቆፈሩት አንዱ አንተ ነህ። «ሄዳ» የሚለው ምን እንደሆነ ጠፋህ?

ከክፉው ዘመን በፊት ማሽላችንን የምትጠብቀው እሷ ነበረች። የራያን ደንብ ታውቀዋለህ፤ ማማ ላይ ያለ ሰው ሲጣሩት ካልመለሰ ተኝቷል ማለት ነው፤ ሲተኛ ግሪሳው ይወርድና እህሉ ያልቃል። ስለዚህ ሲነጋ ሁሉም ይጠራራል። እኔ የጎሊናን ውኃ ሳልሻገር ከዳር ሆኜ፣ «አለሽ ወይ?» ስላት፣ ውቢት ከማማው ላይ «አለሁ!» ትለኛለች። ያን ሰምቼ ነው ልቤ ዐርፎ ወንዙን የምሻገረው።

በ78 ጥቅምት ዝናቡ ተመልሶ ማሽላው ሲያሽት ማማው ላይ እኔ ወጣሁ። ሌላ የሚወጣ አልነበረም። የመጀመሪያው ቀን ጎሕ ሲቀድ ግሪሳው እንደ ጭስ ሆኖ መጣ። ወንጭፌን ሳነሳ አፌ ለብቻው «አለሽ ወይ?» አለ። ሳላስበው ነው። አፌን በእጄ ያዝኩ።

ከወንዙ ማዶ፣ «አለሁ!» የሚል ድምፅ መጣ።

ዓሊማ ናት። ከማዶ ባለው ማማዋ ላይ ሆና ነው። እኔ ዓሊማን አልጠራሁም ነበር። መልሱ ግን መጣ። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ፤ እያለቀስኩም ወፉን አባረርኩ፤ ወፉ ለቅሶ አያከብርም። ከዚያ ያ ጥሪ ወደ ላይ ዞረ። «አለሽ» ያልኩት «አለህ» ሆነ። ፀሐይ ከፍ ሳይል መዝሙሩ አልቆ ነበር። ከሰማይ ተጽፎ የወረደ ወረቀት አላየሁም፤ የመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ዛሬ ስጽፍልህ ዓሊማን ጠየቅኳት። «ያን ዕለት ማንን የጠራሁ መስሎሽ ነው የመለስሽው?»

«እኔን ነዋ። ሌላ ማን አለ እዚያ?» አለች። ከዚያ ፍየሏን ልታስር ወጣ ብላ ተመለሰችና፣ «ውሸቴን ነው። አውቄያለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«እኔን ስትጠሪኝ እንዲያ አትጠሪም። ውቢትን እንደነበረ ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን መለስሽ?»

«ወላሂ ጌጤ፣ ሰው ተጣርቶ ዝም ይባላል?»

ስለዚህ «አለሁ» የምትለዋ ቃል የኔም አይደለችም፤ የዓሊማ ናት። ውኃና ቱቦ እያልክ ሽማግሌዎችህን አጫውታቸው። አንተ ያወጣኸው ልጄን ነው፤ ከዚያ የጎረቤቴን መልስ አወጣህ። የቀረህ ዜማ ብቻ ነው፤ ዜማውን ደግሞ እረኛውም ያፏጨዋል።

ጥያቄውን መልስበት። ልጄን መልሳት። ስሜን አልፈልግም፤ ተወው።

ጌታ ልብ ይስጥህ።
ጌጥነሽ


ሐምሌ 2 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

ለተከበሩ ለወይዘሮ ጌጥነሽ ይግዛው፤ ቆቦ።

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰንብተዋል።

የመጋቢት ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ስለ ሟች ልጅዎ የጻፉትን በሐዘን አንብቤአለሁ። ሆኖም ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ስለ ሌላ ጉዳይ ነው።

የመዘምራን ቡድናችን መዝሙሮቹን በሸክላ ለማስቀረጽ ወደ አውሮፓ እንዲሄድ ተመርጧል። እኔም መሪው ነኝ። በዚህ መካከል ከአላማጣ በኩል የመጡ ሰዎች ይህ መዝሙር ራያ ውስጥ የታወቀ ነው፣ ከማሽላ ማሳ ላይ ሰምተነዋል ብለው ለሽማግሌዎች ተናገሩ። ጉዞውን የሚያዘጋጁት ወገኖች መዝሙሩ የእኔ ስለመሆኑ ከአገር ቤት የጽሑፍ ምስክር እንዳቀርብ ጠይቀውኛል። ያለ ምስክሩ ስሜ ከተጓዦቹ ይሰረዛል።

ስለዚህ «ይህን መዝሙር የጻፈው ታምሬ ካሳ ነው፤ እኔ ጌጥነሽ ይግዛው አልጻፍኩትም» ብለው በእጅዎ ጽፈውና ፈርመው በአራጌ እንዲልኩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ወረቀቱ ለእርስዎም ይጠቅማል። አንድ ቅጂ እርስዎ ጋ ያስቀምጡ። ዘመኑ ዘመን ነው፤ መዝሙሩ በውጭ ሬዲዮ የሚተላለፍ መሆኑን ያሉበት ቀበሌ ቢያውቅ «የእኔ አይደለም፣ የናይሮቢው ሰው ነው» ብለው ያሳያሉ። እስካሁን ስምዎን የሚያውቅ የለም። እንዳይታወቅም ተጠንቅቄአለሁ። ደብዳቤዎችዎ ሁሉ እኔ ጋ ተቀምጠዋል። ክፉ ሰው እጅ እንዳይገቡ እጸልያለሁ።

ከአክብሮት ጋር
ታምሬ ካሳ


ነሐሴ 19 ቀን 1980 ዓ.ም.፣ ቆቦ
አየሩ፦ ዝናብ፤ ጎሊና ሞልቷል፤ አራጌ ወንዙ እስኪጎድል ጎብዬ ላይ አድሮ መጣ።
የተገኙ፦ እኔ።

ለታምሬ፤

«እርስዎ» ብለህ ጻፍክልኝ። ልጅ ሳለህ ቀሚሴን ይዘህ ገበያ የተከተልከኝ አንተ ነህ። ጸሎት ቤታችን በታሸገ ጊዜ የወልዲያ ዳኛ ሲፈርድብኝ እንኳ «አንቺ» ነበር ያለኝ። ከዳኛ በላይ ልትፈርድብኝ አስበሃል ማለት ነው።

ደብዳቤዎቼ ክፉ ሰው እጅ እንዳይገቡ እጸልያለሁ አልክ። እኔም እጸልያለሁ። እስካሁን ግን ያሉት አንተ እጅ ነው።

ወረቀቱን አልጽፍም። አንድ ነገር ግን ንገረኝ፤ ለሬዲዮው ሰውዬ ሳይሆን ለእኔ። በረሃው ላይ ምን ሆንክ? መዝሙር ተሰጠኝ ያልክበት ቀን ምን ተሰጠህ? የተሰጠህ ካለ እሱን ዘምር። ከሌለ ደግሞ የለም በል።

ጌጥነሽ


መስከረም 20 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ናይሮቢ

እትዬ ጌጤ፤

ሰላምታ አልጽፍም። አንቺም ትተሽዋል።

ጠየቅሽ፤ ልንገርሽ። ስታነቢው ደስ ይበልሽ።

ከሞያሌ በላይ ቀን ቀን እሾህ ሥር እየተደበቅን ነበር የምንጓዘው። አንድ የማይጨው ልጅ አብሮኝ ነበር። ውኃ ሲያልቅብን እሱ መናገር አቆመ። ጥላው ከእግራችን ላይ ሲሸሽ እየጎተትኩ አዞርኩት። ያን ጊዜ መዝሙርሽን ዘመርኩ። እንደነበረ፣ አንድ ፊደል ሳልለውጥ። «አለህ ወይ?» አልኩ። ዝም። ደገምኩ፤ ዝም። ጉሮሮዬ እስኪዘጋ ጠየቅኩ። ልጁ ክንዴ ላይ ሞተ። ማታ ግመል ነጂዎች አግኝተው እኔን ብቻ አነሱኝ።

ለአንቺ ከወንዙ ማዶ የምትመልስ ዓሊማ ነበረችሽ። ለእኔ ማን ነበረኝ? ሽማግሌዎቹ ጥያቄውን አውጣ ያሉኝ እውነት ነው። ባይሉኝም አወጣው ነበር። ያን ቃል ወደ አፌ መመለስ አልችልም። «አለሁ» የሚለውንማ ማን ብዬ ልዘምረው? ያልሰማሁትን?

ምእመናኑ ፊት ቆሜ «ጠርቼ የመለሰልኝ የለም» ልበል? ማን ያዳምጠኛል? ማን ይወስደኛል? አንቺ መዝሙርሽ አለሽ፤ እኔ ይሄ ጉዞ ብቻ ነው ያለኝ። ወረቀቱን ላኪ። እስከ ጥቅምት መጨረሻ ካልደረሰኝ ሌላ ዘዴ አላጣም። አስገደድሽኝ እንዳልል።

ታምሬ


ጥቅምት 17 ቀን 1981 ዓ.ም.፣ ቆቦ
አየሩ፦ ጠዋት ብራ፤ ከሰዓት ሙቀት፤ ማሽላው አሽቷል፤ ግሪሳው ከአፋር በኩል መጥቷል።
የተገኙ፦ እኔ ብቻ። ዓሊማ የለችም።

ለታምሬ፤

ደብዳቤህ ደረሰኝ። አራጌ ነገ ጠዋት እህል አራግፎ ስለሚመለስ ማምሻውን ጀምሬዋለሁ።

የሆነውን ልጻፍልህ። ያንተም እጅ አለበት። ባለፈው ሳምንት ሊቀመንበራችን ሞላ ስብሰባ ጠራ። በውጭ ሬዲዮ «አለህ፣ አለህ» የሚል ነገር ይተላለፋል፤ እዚህ ደግሞ ከማማ ወደ ማማ «አለሽ ወይ? አለሁ!» ይባላል፤ ይህ ለወንበዴ የሚሰጥ ምልክት ነው አለ። አንድ ሽማግሌ፣ «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይሄ እኮ የአባቶቻችን የወፍ ጥበቃ ነው» ቢሉት፣ «ወፍ በሬዲዮ አይጠበቅም!» አላቸው። ሰው ሳቀ። የሳቀው ሁሉ ስሙ ተጻፈ። ማማ ላይ መጠራራት ተከለከለ።

ለወፎቹ ግን የነገራቸው የለም።

ሰኞ ሲነጋ ማማዬ ላይ ነበርኩ። ግሪሳው ተጠቅልሎ ወደ ዓሊማ ማሳ ዞረ። እሷ አቀርቅራለች፤ የተኛች መሰለኝ። ክልከላውን ረሳሁትና፣ «አለሽ ወይ?» ብዬ ጮህኩ። «አለሁ!» አለች። በእሷ በኩል ባለው መንገድ ታጣቂዎች ያልፉ ነበር። እኔን አልሰሙም፤ እሷን ሰሙ። ከማማው አውርደው ወደ ቀበሌው እስር ቤት ወሰዷት። ወንጭፏን እንኳ አላስያዟትም።

እኔ ነኝ የጠራኋት፤ የታሰረችው ግን የመለሰችው ናት። ለማን መለስሽ ቢሏት፣ «ለወፉ» ብላለች። ከዚያ በላይ አልተናገረችም። ይህን የነገረኝ የቀበሌው ዘበኛ ነው፤ ማሳው ከማሳዬ በታች ነው፤ የሱንም ማሽላ ወፍ እየበላው ነው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። አንተ እንደጻፍከው ዛሬ በጣም ይጠቅመኝ ነበር። «መዝሙሩን ታምሬ ካሳ ጻፈው፤ እኔ አልጻፍኩትም» ብዬ ፈርሜ ሞላ ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ማንም ወደ እኔ አያይም። አንተም ትሄዳለህ፣ እኔም ማሳዬ ላይ እቀራለሁ። ዓሊማ ብቻ እዚያው ትቀራለች። እርሳሱን አንስቼ ይህን አስቤበታለሁ፤ አላሰብኩም አልልህም።

በረሃው ላይ የሆነውን በማንበቤ ደስ አላለኝም። ስለ ልጁ አዝኛለሁ፤ ስሙን እንኳ አልጻፍክልኝም። ለአንተ ግን አሁንም ይቅርታ የለኝም። ያየሁትን ግን ልንገርህ። ይህ ያለፈው ደብዳቤህ ካንተ የመጣ የመጀመሪያው መዝሙር ነው። «ጠርቼ የመለሰልኝ የለም» ብለህ ጻፍክ፤ እሱ ያንተ ነው፤ ከማንም አልሰረቅኸውም። ጥላው ሲሸሽ እየጎተትክ ያዞርከውን ልጅ ዘምረው። ሽማግሌዎችህ ባይወዱት አይውደዱት። ያን ብትዘምር እኔ ታረቀኝ ቤት ብርድ ልብሱን ገልጬ አዳምጥሃለሁ። የኔን ግን መልስ።

ሌላ ዘዴ አለኝ ብለሃል። ስሜን ልትሰጣቸው ከሆነ አትድከም።

በማግስቱ ጠዋት፣ ጥቅምት 18፣ ያደረግሁት ይህ ነው።

ዶሮዎቹን ፈታሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ወደ ማማ አልወጣሁም። ወንጭፌን ለዓሊማ ባል ሰጠሁትና የሁለታችንንም ማሳ እንዲጠብቅ ነገርኩት፤ «ጩኸት ተከልክሏል እኮ» ቢለኝ፣ «ዛሬ የሚጮኸው እኔ ነኝ» አልኩት። የማሽላ እሸት ጠብሼ በቅጠል ጠቀለልኩ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወደ ቀበሌው ሄድኩ። አራጌ ከመጋዘኑ በር እህል ያራግፍ ነበር። ሊቀመንበሩ ስላልመጣ ዘበኛው በረንዳው ላይ አስቀመጠኝ። እርሳሴን ሳወጣ አይቶ ፊቱን አዞረ። ቀጥሎ ያለውን ግን ነገሩ ሁሉ ከሆነ በኋላ፣ ሊቀመንበሩ የወረዳውን ሰው ሊያስጠራ ሲሄድ እዚያው ቁጭ ብዬ ጻፍኩት። ዘበኛው ለአራጌ ይሰጠዋል።

ሞላ መጣ። ቢሮውን ሳይከፍት፣ «ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ።

«የምትፈልጉት መዝሙር የኔ ነው። ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ጌጥነሽ ይግዛው። ሰኞ የተጣራሁትም እኔ ነኝ። ዓሊማ ጎረቤት ስለሆነች መለሰች እንጂ ሌላ ጥፋት የለባትም።»

አየኝና፣ «ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ አፍ ያወጣሽው?» አለ። ዘበኛውን እያየ፣ «ይቺ ጴንጤ መዝሙር አወጣች ትላለህ?» አለ። ሞላ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ ካወጣሽው ዘምሪው።»

«ብቻዬን አይዘመርም» አልኩት። «ጥሪና መልስ ነው። የምትመልሰው ውስጥ ናት።»

«ይሁን፤ እንያው» አለ፤ ሊስቅብኝ ነው።

እሸቱን መሬት አስቀመጥኩ። ወደ እስር ቤቱ ቆርቆሮ በር ዞርኩ። ከጎሊና ዳር ቆሜ ውቢትን እንደምጠራት፣ እጆቼን አፌ ላይ አድርጌ፣ ባለኝ ድምፅ ተጣራሁ፤

«አለሽ ወይ?»

ከበሩ ኋላ፣ ሳትዘገይ፤

«አለሁ!»